ቲሩማላ፦ ባለ ዕዳው አምላክና ሰባቱ ተራራ

ተማሪው_ከቪዛግ

አበሻ ስለ ሂንዱ ሃይማኖት ሲነሳ "ላም ያመልካሉ" ብሎ ወሬውን ይዘጋዋል። እዚህ መድረክ ላይም ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። እኔ ለትምህርት ወደ ደቡብ ህንዷ ግዛት አንድራ ፕራዴሽ ከመጣሁ ቆይቻለሁ፤ የዚህን አገር ሰው አምልኮ ከቅርብ እያየሁት ነው። ሁሉንም ልዘርዝር ብል አልችልም። ስለ አንድ ቦታ ብቻ ልጻፍ፣ ስለ ቲሩማላ።

ቲሩማላ ከቲሩፓቲ ከተማ በላይ ያለ ተራራ ነው። ቤተ መቅደሱ ከባሕር ጠለል በላይ 853 ሜትር ላይ ተቀምጧል። ለእኛ ለደገኞቹ ይሄ ከፍታ ቆላ ነው። የአገሬው ሰው ግን ሜትሩን አይቆጥርም። የሚቆጥረው ተራሮቹን ነው፤ ሰባት ናቸው። ከሂንዱ ታላላቅ አማልክት አንዱ የሆነው ቪሽኑ የሚያርፍበት አዲሼሻ የሚባል ታላቅ እባብ አለ፤ ሰባቱ ተራሮች የእሱ ሰባት ራሶች ናቸው ይላሉ። ቤተ መቅደሱ ያለው ቬንካታድሪ በሚባለው ላይ ነው። ስለዚህ ለአማኙ የተቀደሰው ሕንጻው ብቻ አይደለም፤ የሚረግጠው አፈርም ጭምር ነው። በ11ኛውና በ12ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ታላቁ መምህር ራማኑጃ ተራራውን በእግሩ መርገጥ ስለፈራ በጉልበቱ ወጣ ተብሎ ይተረካል። ዛሬም በእግረኛው መንገድ ላይ የጉልበት ተራራ የሚሉት ቀጥ ያለ ዳገት አለ። እዚያ ሲደርሱ የሚንበረከኩ ሰዎች ታያላችሁ። ሌሎች ደግሞ ከታች ጀምረው እያንዳንዱን ደረጃ እርድና ቀይ ዱቄት እየቀቡ ይወጣሉ። ደረጃው በአሊፒሪ በኩል 3,550 ነው። አስቡት፣ በየደረጃው ጎንበስ ማለት።

እላይ ያለው አምላክ ቬንካቴሽዋራ ይባላል፤ የቪሽኑ አንዱ መልክ ነው። ሰሜኖቹ ባላጂ ይሉታል። ሰልፈኛው የሚጮኸው ግን "ጎቪንዳ! ጎቪንዳ!" እያለ ነው፤ ይሄም የእሱ ስም ነው። ታሪኩ ነው እኔን የገረመኝ፤ ባጭሩ ይኸው።

ጠቢባን ተሰብስበው ከሦስቱ ታላላቅ አማልክት ከብራህማ፣ ከሺቫና ከቪሽኑ ማን ይበልጣል ብለው ብሪጉ የተባለውን ላኩ። ብሪጉ ቪሽኑ ተኝቶ ቢያገኘው በንዴት ደረቱን ረገጠው። ቪሽኑ አልተቆጣም። ይልቁንም እግሩን ይዞ "አመመህ ወይ?" አለው። ሚስቱ ላክሽሚ ግን ማደሪያዋ ያ ደረት ነበርና ተዋረድኩ ብላ ጥላው ሄደች። ቪሽኑ ፍለጋ ወደ ምድር ወረደ። በዚህ ተራራ ላይ የምስጥ ኩይሳ ውስጥ ተሸሸገ። አንዲት ላም በየቀኑ እየመጣች ወተቷን ኩይሳው ላይ ታፈስለት ነበር። እረኛው ነቃና በመጥረቢያ ሊመታት ሲል ምቱ ቪሽኑ ራስ ላይ አረፈ። ኋላ የንጉሥ አካሻ ልጅ ፓድማቫቲን አየና ወደዳት። ለሠርጉ ገንዘብ አልነበረውም። ከሀብት ጠባቂው ከኩቤራ ተበደረ። ዕዳው እስከዚህ ዘመን ፍጻሜ ተከፍሎ አያልቅም።

ሰው ተራራውን ወጥቶ ገንዘቡን፣ ወርቁን፣ ፀጉሩን የሚሰጠው ለዚህ ነው። አምላኩ ዕዳውን እንዲከፍል ያግዘዋል።

—

ጠያቂ_አትበሉኝ

ቆይ ቆይ። አምላክ ይበደራል? ለዚያውም ለሠርግ? ይሄ የእኛ ጎረቤት ታሪክ ነው እንጂ የአምላክ አይደለም ሃሃሃ። በቁም ነገር ግን፣ የተማረው ሰው እዚያ ይህን ያምናል? እንደ ተረት ነው የሚያየው ወይስ እንደ እውነት?

—

ተማሪው_ከቪዛግ

ጥሩ ጥያቄ ነው። አብሮኝ የሚማር አንድ የቴሉጉ ልጅ አለ (ቴሉጉ የዚህ ግዛት ሕዝብና ቋንቋ ነው)፣ ኢንጂነር ነው። እሱን ጠይቄው "ብድሩን የተዋዋሉበት ወረቀት ይኖራል ብዬ አላምንም። ግን እሱ ለእኛ ብሎ ራሱን ባለ ዕዳ እንዳደረገ አምናለሁ" አለኝ። የቪሽኑ ተከታዮች ሃሳብ እዚህ ላይ ነው። አሁን ያለንበትን ዘመን ካሊ ዩጋ ይሉታል፤ ሰው የከፋበት የመጨረሻው ዘመን ማለት ነው። በዚህ ዘመን ሰው ወደ ላይ መውጣት ስለማይችል አምላክ ራሱ ወርዶ ተራራ ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል። ምስሉንም ሰው አልቀረጸውም፣ በራሱ የተገለጠ ነው ይላሉ። ታሚልኛ ቅኔ የተቀኙ አልቫር የሚባሉ ጥንታዊ ቅዱሳን አሉ፤ እነሱ ካመሰገኗቸው 108 የቪሽኑ ቅዱሳን ቦታዎች አንዱም ይሄ ነው።

ሌላው ዋና ነገር ዳርሻን ነው። እኛ ቤተ ክርስቲያን የምንሄደው ለጸሎት፣ ለቅዳሴ ነው። እነሱ ተራራውን የሚወጡት ለማየት ነው። አማኙ አምላኩን ያያል፣ አምላኩም ያየዋል። በቃ። የምስሉ ዓይኖች ግን ከግንባሩ በሚወርድ ትልቅ ነጭ ቅብ በብዛት ተሸፍነዋል። እይታው ለሰው ስለሚከብድ ነው ይላሉ። ለዚህች ቅጽበት ሰው ለሰዓታት፣ በበዓል ሰሞን ደግሞ ከአንድ ቀን በላይ ይሰለፋል። በቀን ከ60,000 ሰው በላይ የሚወጣበት ጊዜ ብዙ ነው። ፊቱ ስትደርስ ሠራተኞቹ "ጃሩጋንዲ! ጃሩጋንዲ!" እያሉ ወደፊት ይገፉሃል። እለፍ፣ ቀጥል ነው። ጥቂት ሰከንድ ነው የምታገኘው። አብረውኝ የነበሩት እያለቀሱ ነው የወጡት። እኔ እንኳ ምን እንዳየሁ ሳላጣራ ተገፍቼ ወጣሁ።

—

ቀለም_ቀንድ

ልጆች፣ እኔ በጃንሆይ ዘመን ያስተማሩኝ ህንዶች ናቸው። ብዙዎቹ የኬረላ ክርስቲያኖች ነበሩ። የሒሳብ መምህራችን ግን ሂንዱ ነበሩ፤ ቤታቸው ሄደን ግድግዳው ላይ ጥቁር ምስል፣ ግንባሩ ላይ ወፍራም ነጭ ቅብ፣ አንገቱ እስኪጠፋ በአበባ የተሸፈነ አየን። ምንድን ነው ብለን ሳንጠይቅ ወጣን። ያን ጊዜ መጠየቅ እንደ ነውር ነበር። አሁን ይህን ሳነብ እሱ እንደነበር ገባኝ። አንተ ልጅ፣ ቀጥል። የቦታውን ታሪክም ጨምርበት። ማን ሠራው? ነገሥታቱስ?

—

ተማሪው_ከቪዛግ

ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። እርስዎ ያሉት ሥዕል እዚህ በየሱቁ፣ በየታክሲው አለ።

የሠራው አንድ ንጉሥ አይደለም፤ የደቡቡ ነገሥታት እየተፈራረቁ ሰጥተውታል። ትልቁን ስም የያዘው የቪጃያናጋራው ክሪሽናዴቫራያ ነው፣ የ16ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሥ። ሰባት ጊዜ እንደመጣ ይነገራል፤ ወርቅና ዕንቁ አፍስሶበታል። የእሱና የሁለት ሚስቶቹ የነሐስ ሐውልት ዛሬም ግቢው ውስጥ እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል። ንጉሥ ሆኖ እንደ ማንኛውም ተሳላሚ በር ላይ መቆሙን ወድጄለታለሁ።

ከእሱ በፊት በ15ኛው ክፍለ ዘመን አናማቻርያ የሚባል ቅኔ አዋቂ ነበር። ለዚህ አምላክ 32,000 መዝሙር ደርሷል ይባላል። 12,000 ያህሉ በመዳብ ሰሌዳ ላይ ተቀርጾ ተርፏል። ሰሌዳዎቹ ቤተ መቅደሱ ውስጥ ባለ አንዲት ክፍል ተዘግተው ሲኖሩ ማንም ልብ ያላቸው አልነበረም፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው የተገኙት። ዛሬ የቴሉጉ ልጅ ሁሉ ከእነሱ አንዱን በቃሉ ያውቃል።

በእንግሊዞች ዘመን ከ1843 ጀምሮ ሃቲራምጂ የሚባል ገዳም መነኮሳት ያስተዳድሩት ነበር። በ1932 አካባቢው ያኔ የነበረበት የማድራስ ግዛት ምክር ቤት ሕግ አወጣና አስተዳደሩ ቲቲዲ ለሚባል ድርጅት ተላለፈ። የመጀመሪያው የመኪና መንገድ የተከፈተው በ1944 ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

—

ማሂ_ፀጉር_ቤት

እኔ ታሪኩን ትቼ አንድ ነገር ልጠይቅ። ሂዩማን ሄር እሸጣለሁ። ደንበኞቼ ሁሉ "የህንድ ነው? የቤተ መቅደስ ነው?" ይሉኛል። ነጋዴው ደግሞ ሁሉንም "የቤተ መቅደስ" ነው የሚለው፤ ዋጋው እንዲወጣለት። እውነቱ ምንድን ነው? እውነት ሴቶቹ ራሳቸውን ላጭተው ይሰጣሉ? በግድ ነው?

—

ተማሪው_ከቪዛግ

ማሂዬ፣ በግድ አይደለም። ስለት ነው። ሕፃንም፣ ሽማግሌም፣ ወጣት ሴትም ይላጫሉ። ከቤተ መቅደሱ የተለየ ትልቅ ሕንጻ አለ፤ ካልያናካታ ይባላል። ነፃ ነው። ላጮቹ በፈረቃ ቀንና ሌሊት ይሠራሉ። ሴት ላጮችም አሉ፤ ሴቶች ወደ እነሱ ይሄዳሉ። ተላጭተሽ፣ ታጥበሽ፣ ከዚያ ወደ ሰልፉ ትገቢያለሽ። ተራራው ላይ ግማሹ ሰው መላጣ ነው ብልሽ ብዙም አላጋነንኩም።

ለምን ፀጉር? ያ የመጥረቢያ ምት ትዝ ይልሻል? ቪሽኑ ራስ ላይ ጠባሳ ቀረና ፀጉር አልበቅልበት አለ። ኒላ ዴቪ የምትባል ልዕልት አይታው አዘነችና የራሷን ፀጉር ቆርጣ ሸፈነችለት። እሱም "ወደ እኔ የሚመጡ ሰዎች የሚሰጡት ፀጉር ያንቺ ነው" አላት። ሌላው ትርጉም ቀለል ያለ ነው፤ ፀጉር ውበት ነው፣ ኩራት ነው፣ ያንን ትተሽ በአምላክ ፊት ትቆሚያለሽ። በነገራችን ላይ የቴሉጉ ሴት ያለ አበባ ከቤት አትወጣም፤ ፀጉሯ ላይ ጽጌረዳ ወይም ጃስሚን ትሰካለች። ቲሩማላ ላይ ግን አትሰካም። እዚያ ያለ አበባ ሁሉ የእሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ፀጉሩ በርዝመቱ ተለይቶ በኢንተርኔት ጨረታ ይሸጣል፤ ገቢው ለድርጅቱ ነው። ረጅሙ ዊግና ሂዩማን ሄር ይሆናል። ሬሚ የሚባለው ውድ የሆነው እንዲህ በአንድ ላይ ስለሚቆረጥ ነው፤ ሥሩ በአንድ በኩል፣ ጫፉ በአንድ በኩል ስለሚቆይ አይተበተብም። ግን ከህንድ የሚወጣው ሁሉ የቤተ መቅደስ አይደለም። ከማበጠሪያ ላይ የተለቀመውን ፀጉር በየመንደሩ እየገዙ የሚሰበስቡም አሉ። ያ ቶሎ የሚጎለጉለው እሱ ነው።

—

ወለተ_ሚካኤል

ታዲያ እኅቶቻችን ለጣዖት የተሠዋ ፀጉር ራሳቸው ላይ ጭነው ቤተ ክርስቲያን እየመጡ ነው ማለት ነው? ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አስተያየት የምትሰጡ ሁሉ አስቡበት።

—

ነጠላ_ሰረዝ

እህቴ፣ ሐዋርያው ጳውሎስ በመጀመሪያ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 8 ስለዚሁ ጉዳይ ጽፏል፤ እሱ ስለ ሥጋ ነው፣ ይሄ ስለ ፀጉር። ጣዖት ምንም እንዳይደለ እናውቃለን፣ ነገር ግን ደካማ ኅሊና ያለውን ወንድም እንዳናሰናክል እንጠንቀቅ ነው ነገሩ። እንግዲህ የቦሌ ልጆች ዊግ ማንን እንደሚያሰናክል አላውቅም። ከዋጋው በቀር ሃሃ።

—

ከነታንያ

ይህ ጥያቄ እኛ ጋ እስራኤል እ.ኤ.አ. በ2004 ትልቅ ጉድ አስነስቷል፤ ስለዚህ ልጻፍበት።

ጥብቅ ሃይማኖተኛ የሆኑ ያገቡ አይሁድ ሴቶች ፀጉራቸውን በዊግ ይሸፍናሉ። የብዙዎቹ ዊግ የህንድ ፀጉር ነው። በሕጋችን ከባዕድ አምልኮ መሥዋዕት ማንኛውንም ጥቅም ማግኘት ክልክል ነው፤ መብላት ብቻ አይደለም፣ መልበስም፣ መሸጥም። በዚያ ዓመት ረቢ ኤልያሺቭ የተባሉ ታላቅ ዳኛ የቲሩፓቲ ፀጉር ያለበት ዊግ አይለበስም ብለው ፈረዱ። በእስራኤሏ ብኔ ብራቅና በኒው ዮርክ ውስጥ ሴቶች ዊጋቸውን መንገድ ላይ እያወጡ አቃጠሉ። ውድ ዕቃ ነው፤ ማሂ ታውቀዋለች።

ክርክሩ ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው። ፀጉሩ ራሱ መሥዋዕት ነው? ወይስ ሰው ለመንጻት የሚጥለው ነገር? መላጫው ሕንጻ ከምስሉ የራቀ ነው። ፀጉሩ ወደ ውስጥ አይገባም፣ ምስሉ ፊት አይቀርብም። አንዳንድ ረቢዎች ይህን ይዘው ፈቀዱ። የከለከሉት ደግሞ ላጩም ተላጩም ለአምላኩ ብለው ነው የሚያደርጉት፣ መሥዋዕቱ ቁረጣው ራሱ ነው አሉ። ነገሩን ለማጣራት ከለንደን አንድ ረቢ ህንድ ድረስ ተልከው ነበር። ዛሬም ዊግ ሲሸጥ ከየት እንደመጣ የሚያረጋግጥ ማኅተም ይፈለጋል። እና ወለተ ሚካኤል፣ ብቻሽን አይደለሽም። ግን መልሱ "ጣዖት ነው" ብሎ በአንድ ቃል የሚያልቅ አይደለም።

—

ተማሪው_ከቪዛግ

ከነታንያ፣ ግሩም ነው። እኔም እዚህ ተላጭተው የወጡ ሰዎችን "ፀጉራችሁ የት ይሄዳል?" ብዬ ጠይቄ ነበር። ግድም የሰጣቸው የለም። አንዷ አሮጊት "ከሰጠሁ በኋላ እኔ ምን አገባኝ" አሉኝ። የእናንተ ዳኞች የተጨነቁበትን ጥያቄ እሳቸው ከነጭራሹ አላሰቡትም።

—

ኩዌት_11

እኔ የምሠራበት ቤት አብራኝ የምትሠራ የካዳፓ ሴት አለች። አንድራ ነው አገሯ። ልጇ በጠና ታሞ ሲተርፍ ለዚህ ተራራ ተስላ ነበር። ለእረፍት ሄዳ መላጣ ሆና ተመለሰች። እመቤቲቱ ደነገጠች፣ በሽታ መሰላት። እሷ ግን ሻሽ እንኳ ሳታስር እየሳቀች ቡና ትቀዳለች። እኔ ቁልቢ ገብርኤል ለታኅሣሥ 19 የተሳልኩትን ሳስገባ እንደዚያ ነው የሆንኩት፤ ቀለለኝ። ሃይማኖታችን ለየብቻ ነው፣ ግን ሁለታችንም እናት ነን።

አንድ የገረመኝ ነገር ጨመረችልኝ። ካዳፓ ያለው የዚሁ አምላክ ቤተ መቅደስ እንደ ቲሩማላ ደጃፍ ይቆጠራል፤ በአዲስ ዓመታቸው በኡጋዲ ሙስሊሞችም መጥተው መባ ያስገባሉ አለችኝ። እውነት ነው?

—

ተማሪው_ከቪዛግ

እውነት ነው። በቴሌቪዥን በየዓመቱ ይታያል። ለአምላኩ ሙስሊም ሚስትም ነበረችው የሚል አፈ ታሪክ አለ፤ ቢቢ ናንቻሪ ይሏታል። የካዳፓ ሙስሊሞች ዘመዳችን ነው ብለው ነው የሚመጡት።

—

ሒሳብ_አዋቂ

ሁላችሁም ተመሰጣችሁ፤ እኔ ላቀዝቅዛችሁ። ይሄ ቦታ በወር ከ1 ቢሊዮን ሩፒ በላይ በመባ ሣጥኑ ብቻ ይገባለታል። ድሃው ቀኑን ሙሉ ነፃ ሰልፍ ላይ ይቆማል፣ 300 ሩፒ የከፈለ በአጭሩ ይገባል፣ ባለሥልጣን ደግሞ በሌላ በር። በጥር 2025 ለበዓል መግቢያ ካርድ ሰልፍ ላይ ስድስት ሰው ተረጋግጦ ሞተ። ያ ታዋቂው ጣፋጫቸው ላዱስ? በ2024 የግዛቱ ዋና ሚኒስትር ቻንድራባቡ ናይዱ ቅቤው የእንስሳ ስብ ተቀላቅሎበት ነበር ብሎ ተናገረ፤ ሥጋ ፈጽሞ በማይገባበት ቦታ! ዕዳው የአምላኩ ሳይሆን የድሃው ነው የሚመስለው።

—

ተማሪው_ከቪዛግ

ግማሹን እስማማለሁ። የሰልፉ ነገር እኔንም ያናድደኛል፤ የአገሬው ሰውም በየጋዜጣው ያማርራል። የቅቤውን ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፖለቲከኞቹ እንዳይጫወቱበት ብሎ በራሱ ትእዛዝ መርማሪ ቡድን አቋቁሞለታል። ላዱ ቀልድ አይደለም እዚህ። የሽምብራ ዱቄት፣ ስኳር፣ ንጥር ቅቤ፣ ካሹ፣ ዘቢብና ሄል ነው። ቤተ መቅደሱ ወጥ ቤት ውስጥ ይሠራል፣ መጀመሪያ ለአምላኩ ይቀርባል፣ ከዚያ ነው ለሰው የሚታደለው። የበረከት ምግብ ነው። ከ2009 ጀምሮ ስሙ በሕግ የተጠበቀ ነው፤ ሌላ ሰው "የቲሩፓቲ ላዱ" ብሎ መሸጥ አይችልም። አንድ ሰው ሄዶ ሲመለስ ለጎረቤት ሁሉ ቆንጥሮ ያዳርሳል። ስለዚህ ስቡ ነገር እንደ ምግብ ብክለት ሳይሆን እንደ ርኩሰት ነው የተሰማቸው።

ሌላኛውን ግማሽ ግን አልቀበልም። ከ1985 ጀምሮ ተራራው ላይ ለመጣ ሁሉ ነፃ ምግብ አለ። በቀን በአሥር ሺዎች ይመገባል። አዳራሹ ውስጥ የመሬት ከበርቴውም ቀን ሠራተኛውም ጎን ለጎን ተቀምጠው ሩዝና ሳምባር የሚባል የክክ ወጥ ይበላሉ። በዘር ከፋፍሎ አብሮ አልበላም ለሚል አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሆስፒታል አላቸው፣ ኮሌጅ አላቸው። ሣጥኑ ውስጥ ከሚገባው ላይ ነው ይሄ ሁሉ የሚወጣው።

ድሃው ተታሎ ነው የሚሰጠው የሚለው ደግሞ አይዋጥልኝም። አምላክ ጌታ፣ እኔ ለማኝ ብሎ ከሚሄድ ሰው ይልቅ "እሱም ዕዳ አለበት፣ እኔም የድርሻዬን ላግዝ" ብሎ የሚወጣ ሰው አንገቱ ቀና ያለ ነው። ያ አምስት ሩፒ የሚጥል ሽማግሌ ለአምላኩ ውለታ ዋለ ማለት እኮ ነው። እኔን እዚህ መድረክ ላይ እንድጽፍ ያደረገኝ ይሄው ሃሳብ ነው።

—

ሒሳብ_አዋቂ

ጥሩ ተከራክረሃል። ሣጥኑ ግን አሁንም ትልቅ ነው።

—

ሰናይት_ቲ

እኔ በመጪው ዓመት ለስብሰባ ሃይደራባድ ልመጣ እችላለሁ። ሂንዱ ያልሆነ ሰው ይገባል? በእግር መውጣት ይቻላል? ነብር አለ ሲሉም ሰምቻለሁ።

—

ተማሪው_ከቪዛግ

ሰኒ፣ ተራራውን ማንም ይወጣል። ወደ ውስጥ ለመግባት ግን ሂንዱ ያልሆነ ሰው "በዚህ አምላክ እምነት አለኝ" የሚል ቅጽ መፈረም አለበት። የህንድ ፕሬዚዳንት የነበሩት አብዱል ካላም ሙስሊም ነበሩ፤ ፈርመው ነው የገቡት። በዚህ ቅጽ ሰበብ ፖለቲከኞች ዛሬም ይጣላሉ። እኔ ስፈርም እጄ ከብዶኝ ነበር፤ የአንቺን አንቺ ወስኚ። ካልፈረምሽም ከውጭ የሚታይ ብዙ አለ፤ በወርቅ የተለበጠው ጣሪያ፣ መላጫው ቤት፣ ምግብ አዳራሹ። ታች ቲሩቻኑር ደግሞ የፓድማቫቲ ቤተ መቅደስ አለ፤ ብዙ ሰው ወደ እሷም ሳይሄድ አይመለስም።

በእግር ከሆነ ስሪቫሪ ሜቱ በሚባለው በኩል ደረጃው 2,388 ነው፤ ያጥራል፣ ግን ቀጥ ያለ ነው። ሻንጣሽን ታች ይቀበሉሽና በመኪና ያደርሱልሻል። ነብሩ ግን እውነት ነው። በ2023 በአሊፒሪ መንገድ አንዲት ሕፃን ገድሏል፤ ከዚያ ወዲህ ጥበቃው ጠንክሯል። ልብስ፦ ሳሪ ወይም ሻርፕ ያለው የህንድ ረጅም ቀሚስ። ሱሪና ቲሸርት አይሆንም። ስልክ ወደ ውስጥ አይገባም።

—

ማሂ_ፀጉር_ቤት

ሰኒ፣ ከሄድሽ የዚያን ጨረታ አድራሻ አምጪልኝ!

—

ተማሪው_ከቪዛግ

ማሂ፣ ጨረታው ለትልልቅ ላኪዎች ነው። ሁለት ኪሎ ብለሽ ብትጠይቂ ይስቁብሻል።